ጥሩንባው ዝም ያለ ሰሞን

ወንድ ልጅ ልቡ ሲሸፍት መጀመሪያ የሚለውጠው ሽቶውን ነው ይላሉ። የኔው ግን መጀመሪያ የለወጠው ስሜን ነው። ከተዋወቅን ጀምሮ «ስስቴ» እንጂ በሌላ ስም ጠርቶኝ አያውቅም። ሲቆጣ ስስቴ፣ ሲለማመጥ ስስቴ፣ ስልክ ሲያነሳ ገና ሃሎ ሳይል ስስቴ። ጉንፋን ይዞኛል ብሎ አንድ ሳምንት ጠፍቶ የተመለሰ ዕለት ግን የትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣ «እንዴት ነሽ አንቺ» አለኝ። አንቺ። አድራሻ እንደሚጠይቅ መንገደኛ።

ለማታውቁን ልንገራችሁ። እኔ የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ትምህርት ቤታችንና የአውቶቡስ ጣቢያው በአንድ አጥር ጀርባ ለጀርባ ናቸው፤ እሱ ደግሞ የጣቢያው ጠሪ ነው። ፎቁ ላይ ካለችው ባለመስታወት ክፍል ሆኖ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሳ፣ ማን ዕቃ እንደረሳ፣ የማን እናት እንደምትፈለግ በድምፅ ማጉያ ይናገራል። ጣቢያው በሙሉ «ጥሩንባው» ነው የሚለው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ከኔ ሌላ ያለም አይመስለኝ። ፊቱን ከማየቴ በፊት ድምፁን ለምጄዋለሁ። ሰሌዳ ላይ ፊደል ስጽፍ በመስኮት ይገባ ነበር፤ ሞቅ ያለ፣ የማይቸኩል፣ ለመንገደኛው ሁሉ የሚያስብ የሚመስል ድምፅ። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው አውቶቡስ ሲነሳ «ተሳፋሪዎቻችን፣ በሰላም ግቡ» ይላል። ከተዋወቅን በኋላ ያቺ «በሰላም ግቡ» የኔ ሆነች፤ ለሰው አንናገርም እንጂ ሁለታችንም እናውቀዋለን።

አንድ ቀን ስቀልድ «እኔ እኮ የወደድኩት ድምፅህን ነው፤ አንተ ምርቃት ነህ» ብዬው ነበር። ገበያ ላይ ኪሎው ከሞላ በኋላ ባለሱቁ ጣል የሚያደርገው ዓይነት ምርቃት ማለቴ ነው። እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ቀልድ መሆኑን ስለማውቅ ረሳሁት።

እና ጉንፋኑ አለፈ በተባለ ማግስት፣ ልጆቼ ደብተር ላይ አቀርቅረው ሳሉ ድምፅ ማጉያው ተንኳኳ። የወጣው የሴት ድምፅ ነበር። ልጆቹ ቀና አሉ። «ቲቸር፣ ሰውየው የት ሄደ?» አለችኝ አንዷ። እኔ ምኑን አውቄ። በዕረፍት ሰዓት አጥሩን ዞሬ ስጠይቅ፣ ማይኩን የያዘችው ትኬት ቆራጯ ናት አሉኝ። አውቃታለሁ። መስኮቷ ጋ ሰልፍ የያዘ ሰው ትኬቱን ረስቶ ሽፋሽፍቷን ሲያይ የሚውልባት ሴት ናት፤ ማስካራዋን ከሩቅ ያዩታል። ጥሩንባውስ? እሱማ ከጎኗ ቁጭ ብሎ እያለማመዳት ነው አሉኝ። ከአንጀቴ ያልሆነ ሳቅ ስቄ ተመለስኩ።

አንድ ነገር ባይኖርብኝ ኖሮ ትቼው እንደማልፍ እምላለሁ። አባዬ ግን ለእሁድ ቀጥሮት ነበር።

አባዬ ባለአውቶቡስ ነው። ከዚያ ጣቢያ ከሚነሱት ግማሾቹ የሱ ናቸው። የጥሩንባውን ነገር መጀመሪያ በሰማ ጊዜ «አውቶቡሶቼን ይጥራ፤ ልጄን ግን አይጥራ» ብሎ ጋዜጣውን ገለጠ፣ ወሬው እዚያ ላይ አለቀ። አባዬ ወደ ቤታችን የሚመጣ ወንድ ሁሉ አውቶቡሶቹን ለማየት የሚመጣ ነው የሚመስለው። እማዬ ቀስ እያለች፣ ዛሬ አንድ ቃል ነገ አንድ ቃል እያደረገች፣ በስንት ልመና አለሳለሰችው። በመጨረሻ «እሁድ ለምሳ ይምጣ። አማላጅ አልፈልግም። የመጣበትን በራሱ አፍ ይንገረኝ» አለ። አባዬ እንዲህ ያለ በር አንዴ ነው የሚከፍተው። ከተዘጋ ደግሞ ቁልፉ እማዬም ጋ አይገኝም። እና እኔ በዚያ በር የማስገባው ሰው ማንን እንደሚወድ ማወቅ ነበረብኝ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤቱ ማዶ ባለችው ሻይ ቤት ተገናኘን። ልስመው ጠጋ ስል ጉንጩን ሰጥቶ አፉን ወደ ግድግዳው አዞረ። የጉንፋን ሽታ አልነበረውም፤ የጥርስ ሳሙና ሸተተኝ። እስቲ አስቡት፣ በጠራራ ፀሐይ ጥርሱን ቦርሾ የሚዞር ሰው ለማን ብሎ ነው? ይህ ሰው ደረቅ ኩኪስ ሲበላ ከማዶ የሚሰማ ሰው ነው። ያን ቀን ለስላሳ ኬክ አዘዘ። ሻዩን «ለብ ይበል» አላት አስተናጋጇን። ኬኩን በሹካ ጥፍር ጥፍር አሳክሎ ቆራርጦ፣ አንዷን ቁራጭ አፉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አድርጎ፣ እጁን አፉ ላይ ጭኖ አላመጠ። ያፈረ ሙሽራ እንኳ እንዲህ አይበላም።

ማይኩን ለምን ለሴትዮዋ እንደሰጣት ጠየቅኩት። «እየለመደች ነው» አለ። አንተስ አልኩት። «ሐኪሙ ድምፅህ ይረፍ አለኝ።» ወትሮ ከአንድ ጥያቄ ሦስት ወሬ የሚወልድ ሰው፣ ያን ዕለት ቃላቱን እየመረጠ፣ ውኃ የሞላ ብርጭቆ እንደተሸከመ ሰው እየተጠነቀቀ ይናገር ነበር። አንድ ቃል ጀምሮ ይተውና በሌላ ቃል ይዞራል። የሚዋሽ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ከዚያ የመጨረሻዋን ጉርሻ እንደዋጠ ተነሳና እጄን ልታጠብ ብሎ ወደ ጓሮ ሄደ። የተጠቀመው ሹካ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

የሰው ኪስ መፈተሽ ነውር ነው። እኔም አልፈተሽኩም። ወንበሩ ላይ የሰቀለው ጃኬት ሊወድቅ ሲል ሳስተካክል እጄ ገባ እንጂ። ከደረት ኪሱ ውስጥ ጣት የምታህል፣ አረንጓዴ እጀታ ያላት ብሩሽ ወጣች። ጫፏ ላይ ጥቁር ፀጉር በቀጭን ሽቦ ዙሪያ የተጠመጠመባት። እንዲህ ያለ ነገር እኔም ቦርሳዬ ውስጥ አለኝ። ሴት ሁሉ ቦርሳዋ ውስጥ አላት። ሽፋሽፍት መኳያ ነው።

ሲመለስ ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የጠየቀ ሰው መልስ ይሰጠዋል፤ እኔ ደግሞ መልሱን ፈራሁት። ብሩሿን በሶፍት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ራሴን አሞኛል ብዬ ተነሳሁ። ሊሸኘኝ ተነሳ። አትሸኘኝ አልኩት። ዓይኑን ሳየው ውስጡ ፍርሃት ነበር፤ እኔ ግን ያነበብኩት ጥፋተኝነት ብዬ ነው።

ታላቅ እህቴን እታለም ነው የምላት። ስታገባ ባሏንና ጥርጣሬዋን አብራ ያገባች ሴት ናት፤ ከባሏ ጋር ትጣላለች፣ ከጥርጣሬዋ ጋር ግን ተጣልታ አታውቅም። ብሩሿን ሳሳያት በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ መብራቱ ያዘቻት። ውድ ዓይነት እንደሆነች፣ ቀለሙም ታጥቦ እንደወጣ ነገረችኝ። መረጃ አጥፍቷል ማለት ነው አለች። ከዚያ የነገርኳትን ሁሉ ደረደረችልኝ፤ ስም መለወጡን፣ የአፉን ሽታ፣ የማይኩን ሴት። «እሳት ሳይኖር ጭስ አይኖርም። እሁድ ሳይደርስ አባዬን ከውርደት አድኚው» አለችኝ። አባዬን ነው ያለችው፤ እኔን የሚያድነኝ የለም።

ያን ሌሊት ሳይሆን በማግስቱ ነው የባሰው። ጠዋት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የታጠፈ ወረቀት አቀበለኝ። ድሮ የሚደውል ሰው ከተመለሰ ወዲህ የሚጽፍ ሆኖ ነበር፤ ስደውልለት ስልኩን ይዘጋና መልእክት ይልካል፣ ወይ ወረቀት ይሰዳል። «ስስቴ፣ ትናንት ሰላም አልነበርሽም። ስላንቺ ሳስብ ሥራ መሥራት ተሳነኝ» ይላል። አያችሁት? ወረቀት ላይ ስስቴ ነኝ። ፊት ለፊት ሲያገኘኝ አንቺ ነኝ። ብዕሩ የሚወደኝን ሰው አፉ ለምን ይጠላኛል? ወይስ ስስቴ የምትባል ሌላ ሴት ስላለች ስሙ አፉ ላይ አልመጣ አለው?

የዕለቱን ትምህርት እንዴት እንዳስተማርኩ አላውቅም። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ወሬ የማትጠግብ አንዲት ልጅ ነበረችኝ፤ ከሰሞኑ እጇን ማውጣት ትታለች። ሄጄ አጠገቧ በርከክ አልኩ። ከፈት አድርጊ ስላት ከንፈሯን ገለጠችልኝ፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ የሉም። አንደኛ ክፍል ያስተማረ ሰው ይህን ያውቃል። በዚህ ዕድሜ ወተት ጥርስ ይረግፋል፣ «ስ» ያለበት ቃል ሁሉ ያፏጫል፣ ለፍላፊው ልጅ ዝም ይላል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ልጁ ቃሉን እንዲል ማድረግ፣ ከዚያ ክፍሉን በሙሉ አብሮ ማስፏጨት። ልጅቷን «ሰኞ አብረን እንለዋለን» አልኳትና ተነሳሁ። ልቤ ጣቢያው ውስጥ ነበር።

ደወል ሲደወል ልቤን ተከትዬ ሄድኩ። የመስታወቷ ክፍል መውጫ ደረጃ ጠባብ ነው። ግማሽ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ትኬት ቆራጯ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎላታል፤ ዓይኑን ጨፍኗል። አገጩን በአንድ እጇ ይዛ ፊቷን ወደ ፊቱ ዝቅ አደረገች። ከዚያ በላይ አላየሁም። ደረጃውን በምን እግር እንደወረድኩት እንጃ። አጥሩ ጥግ ቆሜ «እሁድ እንዳትመጣ» ብዬ ጽፌ ላክሁለትና ስልኬን አጠፋሁ። አለቀስኩ። አስተማሪ አጥር ስር ቆማ ስታለቅስ ማየት ለልጆች ጥሩ ስላልሆነ ፊቴን ታጥቤ ገባሁ።

እሁድ መጣ። እኔም እሱ እንደማይመጣ እርግጠኛ ሆኜ ሰሃን እደረድራለሁ፤ ለአባዬ ምን እንደምለው አላውቅም። የበሩ መጥሪያ ጮኸ። እማዬ ከፈተች። ሸሚዙ ተተኩሶ፣ ጫማው አብርቶ፣ አበባ ይዞ ቆሟል። እጅ ነስቶ ገባ እንጂ ሰላምታ እንኳ ከአፉ አልወጣም። አጠገቤ ሲያልፍ ቀስ ብሎ «ማሪኝና ብቻ ልቀመጥ» አለኝ። ምን አጠፋሁ አላለም። ማሪኝ ነው ያለው። የሚማርም ነገር ካለ እንግዲህ የሠራው አለ ማለት ነው።

አባዬ ከጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጧል። ሾርባ ቀረበ፣ ሾርባውን ጠጣ። የተጠበሰ ዶሮ ሲመጣ ግን ነገር ተበላሸ። አባዬ ቅርፊቱ የሚያንቋቋ ዳቦ ይወዳል፤ ትልቅ ቁራሽ ቆርሶ በገዛ እጁ ሰጠው። አባዬ ዳቦ የሚቆርሰው ለሚያከብረው ሰው ነው። እሱ ተቀብሎ አመሰገነ፣ ቅርፊቱን እየላጠ ከሰሃኑ ጥግ አኖረው፣ ከለስላሳው ፍርፋሪ ፍርፋሪ ለቀመ። ቀዝቃዛ ውኃ ሲቀዳለት ብርጭቆውን ነክቶ ተወው። አባዬ የተላጠውን ቅርፊት ዝም ብሎ ያየዋል። እታለም ጉልበቴን በጉልበቷ ትነካኛለች። እማዬ ዶሮው ጠንክሮ ይሆናል እያለች ራሷን ትወቅሳለች።

አባዬ ሹካውን አስቀመጠ። «ልጄ» አለው ድምፁን ሳያነሳ። «ቀኑን ሙሉ ጣቢያውን ስትጠራ ትውላለህ። እኔ ቤት ስትደርስ ምነው አፍህ ተያዘ? የመጣህበትን ተናገር እንጂ።»

ከወንበሩ ተነሳ። አፉን ከፈተ። እጁ ሄዶ አፉ ላይ አረፈ። አንድ ቃል ሊል ሞክሮ ዋጠው፣ ሌላ ቃል ፈለገ፣ እሱም አልመጣለት አለ። ተመልሶ ተቀመጠ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። አባዬ ቀስ ብሎ ናፕኪኑን አጣጠፈ፤ ይህ የአባዬ በር መዝጊያ ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ።

ያን ጊዜ ምን እንደገፋኝ አላውቅም። ከምንም በላይ ያናደደኝ ዝምታው ነው። እየወደደኝ ይሁን እየከዳኝ ቢያንስ አንዱን ይበለኝ እንጂ። ቦርሳዬን ከፍቼ ሶፍቱን ፈታሁና ብሩሿን በነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ አኖርኳት።

«መናገር ካቃተው እኔ ልናገርለት» አልኩ። «ይቺ ከጃኬቱ ኪስ የወጣች ናት። የየትኛዋን ሴት ዓይን እንደኳለባት አባዬ ፊት ይንገረኝ።»

እማዬ «ኧረ በፈጠረሽ» አለች። እሱ ብሩሿን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ሊክድ ይሞክራል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልካደም፤ አንገቱን ደፋ።

አባዬ መነጽሩን አደረገ። ብሩሿን አነሳት፣ አገላበጣት፣ ጫፏን በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረጋት። አሁን ያባርረዋል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ አባዬ እጁን ወደ ራሱ የደረት ኪስ ሰዷል። ከብዕሩ ጀርባ አንዲት ትንሽ ነገር አወጣ፣ ክዳኗን አነሳ፣ ከብሩሿ አጠገብ አስተኛት። ያቺው ራሷ ናት። የኛዋ አረንጓዴ፣ የአባዬ ሰማያዊ።

እማዬ ናት መጀመሪያ የገባት። «አንተ ሰው» አለችው። «ልብስ ባጠብኩ ቁጥር ከኪስህ የማወጣት፣ የብዕር መጥረጊያ ናት ያልከኝ?»

አባዬ ግን ወደ ጥሩንባው ዞረ። «ላይ ነው ታች?» አለው።

«ላይ» አለ እሱ፣ ሊሰማ በማይችል ድምፅ።

«ፊት ለፊቱ?» ራሱን ነቀነቀ። «የተተከለ ጥርስ ነው አይደል፣ ብሪጅ? መቼ ገባልህ?»

«ሦስት ሳምንት አልሞላውም» አለ።

«ሦስት» ሲል ከጥርሶቹ መሃል ቀጭን ፉጨት ሾለከች። «ሳምንት» ሲል ደገመችው። እኔ ያንን ፉጨት አውቀዋለሁ። በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ ከሁሉም በላይ ልጄ ልጄ የምላት ያቺ ለፍላፊ አርብ ዕለት ዝም ያለችበት ፉጨት ነው። በስድስት ዓመት ልጅ ከሩቅ የሚገባኝ ነገር፣ ያን ያህል ጢም ባበቀለ ሰው ሳይገባኝ ቀረ። ስስቴ ውስጥ ሁለት ጊዜ ያፏጫል። ለዚያ ነው አንቺ የሆንኩት። የምቀመጥበት ጠፋኝ፤ ተቀምጬ ነበር ለካ።

አባዬና እሱ እኛን ረስተዋል። የአባዬ የመንጋጋ ነው፤ እኛ ሳናውቅ ዓመታት አልፎታል። የወለቀውን ጥርስ ቦታ ለመሸፈን ግራና ቀኙን ሞርደው ሦስቱን አያይዘው እንደሚተክሉት፣ በመጀመሪያው ወር ምላሱ የሰው ቤት የገባች መስሏት ዕረፍት እንዳጣች፣ ጉንጩን እየነከሰ ቁጭ ብሎ እንባው እንደሚመጣ ይተርክለታል። ሥሩን በዚያች ብሩሽ ከምግብ በኋላ ካላጸዱት ድድ እንደሚያብጥ ጥሩንባውም ይነግረዋል። ለካ አባዬ ከምሳ በኋላ እጁን ሲታጠብ የሚቆየው ለዚህ ነው። ስትነክስ ብሪጁ ከፍ ይልብሃል ወይ ብሎ አባዬ ጠየቀው፤ በግራ በኩል ትንሽ ይለኛል አለ። አባዬም ነገ ሄዶ እንዲያስተካክል፣ እሱ ኮርቶ ሲችለው ራስ ምታት እንዳተረፈ መከረው።

«በምን ወለቀብህ?» አለው ከዚያ።

«የዕቃ መጫኛ በር መታኝ። የአንዲት አሮጊት ሻንጣ ሳወጣ።»

«የየትኛው አውቶቡስ?»

እሱ የተላጠውን ቅርፊት ከሰሃኑ ጥግ ወደ ጥግ ገፋ። አባዬ ጠበቀው። «ንገረኝ።»

«የእርስዎ» አለ፤ ፉጨቷ እዚህም አልቀረችም።

አባዬ መነጽሩን አወለቀ። ለምን ሳትነግረኝ ቀረህ አለው። እሱም ቀና ብሎ፣ እጁን ከአፉ ላይ አንስቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይመርጥ ተናገረ። «ካሣ ሊጠይቅ መጣ እንዳይሉኝ ነው። እኔ ልጠይቅዎት የመጣሁት ሌላ ነው።» «ካሣ» ሲል ፉጨቷ ጎላ ብላ ወጣች። ማንም አልሳቀም።

እኔ ግን የአጥር ስር እንባዬ ገና አልደረቀልኝም። ትኬት ቆራጯስ አልኩ፣ ድምፄ ከአንድ ትንሽ ልጅ አፍ የወጣ ይመስል ነበር። ጥርስ ማጽጃ ክር ብሪጁ ሥር ተሰንቅሮበት፣ በስልኳ መብራት እያየች ስታወጣለት እንደነበር ነገረኝ። ባለትዳር ናት፤ የገዛ እናቷን ጥርስ የምታጸዳ እሷ ናት። እስኪሻለኝ ማይኩን ያዢልኝ ያላትም እሱ ነው፤ ድምፅ ማጉያው ፉጨቷን እንደ ባቡር እንደሚያጎላት አንድ ጊዜ ሞክሮ አይቶታል። እታለም ሳቋን በናፕኪን አፈነች። መረጃ አጥፍቷል ያለችው እሷ ነበረች እንጂ እኔ አይደለሁም።

«እኔንስ?» አልኩት። «እኔን ምን አስፈራህ?»

አየኝ። ያን አስተያየቱን ሻይ ቤቱ ውስጥም አይቼው ነበር፤ ያኔ ጥፋት ያልኩት እሱን ነው። «አንቺ የወደድሽው ድምፄን ነው» አለኝ። «እኔ ምርቃት ነኝ። ኪሎው ከጎደለ ምርቃቱን ብቻ ይዤ ምን ብዬ ልምጣ?»

ቀልዴን ነው የመለሰልኝ። እኔ የረሳሁትን እሱ ተሸክሞት ኖሯል። ጠረጴዛውን ዞሬ ሄድኩና እንደ ልጆቼ አጠገቡ በርከክ አልኩ። የአባቴ ፊት መሆኑን አልረሳሁም፤ ግን ደንታ አልነበረኝም።

«በስሜ ጥራኝ» አልኩት።

«ያፏጫል።»

«ያፏጭ።»

«ስስቴ» አለኝ። ሁለት ጊዜ አፏጨች፣ ሁለተኛዋ ረዘመች። በሕይወቴ እንዲህ ተጠርቼ አላውቅም። እያለቀስኩ እኔም ምላሴን ከጥርሴ ጋር አጣብቄ፣ እንደ ክፍሌ አፏጭቼ መለስኩለት። እሱም ሳቀ፣ አፉን ሳይሸፍን ሳቀ፤ ከብሪጁ ጋር አየሁት፣ ያምር ነበር።

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ጥሩንባው የላጠውን ቅርፊት ከሰሃኑ አንስቶ ወደ ራሱ ሰሃን ወሰደ፣ ከዳቦው መሃል ለስላሳውን ቆርሶ በምትኩ አኖረለት። «አውቶቡሶቼን ስትጠራ ኖረሃል» አለው። «ይኸው እሷንም ጥራት። ቀስ ብለህ አላምጥ፣ በሁለቱም በኩል።» ከዚያ ሰማያዊ ብሩሹን አንስቶ እጁን ሊታጠብ ሄደ። እማዬ ከኋላው እያየችው ሌላ ምን ደብቀኸኛል የሚል ፊት አሳየችው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬን በጥርጣሬ ነው የማየው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ልጆቼን «ሰ ሱ ሲ» አስብላለሁ። ያቺ ለፍላፊ አሁንም አፏን ዘግታ ተቀምጣለች። የመጨረሻው አውቶቡስ ሰዓት ደርሶ ድምፅ ማጉያው ተንኳኳ፤ ትኬት ቆራጯን ጠበቅኩ። መጀመሪያ ትንፋሽ ተሰማ።

«ተሳፋሪዎቻችን፣ በሰላም ግቡ።»

ፉጨቱ በጣቢያው ላይ አልፎ፣ አጥሩን ተሻግሮ፣ በመስኮታችን ገባ። ልጆቹ ሁሉ ቀና አሉ። ለፍላፊዋ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ወደ መስኮቱ ሮጠች። «ቲቸር፣ እሱም ወልቆበታል!» አለች፣ እያፏጨች፣ በድል። ከዚያ አጥሩን አሻግራ «በሰላም ግቡ» ብላ ጮኸች፣ ክፍሉም ተከተላት፣ ያለውም የሌለውም ጥርስ በአንድነት አፏጨ።

እኔ ጠመኔዬን ይዤ ሰሌዳው ጋ ቆሜያለሁ። መስኮቱ ጋ ስሄድ መስታወቷ ክፍል ውስጥ ወደ እኛ ዞሮ ቆሟል፤ ከዚህ ሆኖ አይታይም እንጂ እየሳቀ እንደሆነ አውቄያለሁ። ድሮ የሰማሁት ድምፅ አልነበረም። የምወደው ሰው ግን እሱው ነበር። ለካ ምርቃቱ ድምፁ ነው።